ለልምምድ እሺ፣ ለማርክ እምቢ፦ ተማሪዎች የስልክ ፈተናን ለምን ይሸሻሉ?

የባዮሎጂው መምህር (ደሴ) | እሑድ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ትምህርት ቤታችን ከተከታታይ ምዘናው የተወሰነውን ክፍል በስልክ እናድርገው የሚል ሐሳብ አምጥቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወረቀት ተወድዷል፤ የማባዣው ማሽን ግማሹን ቀን ይተኛል፤ እኛም የአምስት ሴክሽን ወረቀት ተሸክመን ቤት ገብተን ስናርም እናድራለን። እኔ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ተማሪዎቹ ናቸው ያልወደዱት።

ግራ ያጋባኝ እዚህ ላይ ነው። እነዚሁ ልጆች ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ ኩዊዝ ሲሰሩ ነው የሚያመሹት። በኩዊዝ ቦት ስለ ሴል ክፍፍል ጥያቄ አዘጋጅቼ ግሩፑ ውስጥ ጣል ሳደርግ መልሱ ይዘንባል። በክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቀው ልጅ ሳይቀር አንደኛ ሊወጣ ይጋፋል። በነጋታው «ይኸው ፈተና በስልክ፣ ከ10 የሚያዝ» ስላቸው ግን ፊታቸው ይለዋወጣል።

ስም ሳይጽፉ በወረቀት አስተያየት እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው። አብዛኛው «ለልምምድ እሺ፣ ለማርክ እምቢ» ነው። አንዷማ «ስልኩ የወንድሜ ነው፤ የተጣላን ቀን ዜሮ ላገኝ ነው?» ብላለች።

እናንተ ጋ እንዴት ነው? ማግባባት ብቻ ነው የሚቀረን ወይስ ልጆቹ ያዩት እኛ ያላየነው ነገር አለ?

ማትሪክ ጠባቂ (12ኛ ክፍል፣ ባሕር ዳር) | እሑድ፣ ማታ 2:41

ቲቸር፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ ይፈቀድልኝና ልናገር።

የቴሌግራሙን ኩዊዝ የምንወደው ብንሳሳት ምንም ስለማይመጣብን ነው። ቦቱ «ተሳስተሃል» ይለኛል፣ መልሱን ያሳየኛል፣ አለቀ። ስስቅ እንኳን ማንም አያየኝም። ማርክ ሲገባበት ያው ስልክ ሌላ ነገር ይሆናል።

ባለፈው ዓመት አንድ መምህር በስልክ ፈተነን። ቁጭ ስል ባትሪዬ 23 ከመቶ ነው። ጥያቄ እያነበብኩ ዓይኔ ላይኛው ጥግ ላይ ነበር። መሐል ላይ እናቴ ደወለች። ፈተና ላይ መሆኔን አታውቅማ! የጥሪው ገጽ ፈተናውን ሸፈነው። ስዘጋው ገጹ እንደገና መጫን ጀመረ፤ ያቺ ነጭ ገጽ ላይ የምትዞር ክብ መጣች። ልቤ ነው የቆመው። መልሶቼ አልጠፉም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንዳነበብኩ አላውቅም።

ሌላው ደግሞ ወረቀት ላይ ፈተናው ሲሰጠኝ መጀመሪያ ሁሉንም ገልብጬ አያለሁ። ቀላሉን ሠርቼ፣ ከባዱን በእርሳስ ምልክት አድርጌበት አልፈዋለሁ። ስልክ ላይ አንዱን ጥያቄ ነው የማየው። ስንት እንደቀረኝ፣ የቱን እንደዘለልኩ እየረሳሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስጎትት ጊዜው ይሄዳል።

ቀመር አይጨርሰው (የሒሳብ መምህር፣ ሐዋሳ) | እሑድ፣ ማታ 3:05

ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ የጥያቄ አዘጋጁን ወገን ልጨምር።

የቴሌግራም ኩዊዝ ጥያቄ ከ300 ፊደል አያልፍም። ምርጫው ከ100። ክፍልፋይ፣ ሥር፣ ኢንተግራል በወጉ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ መምህሩ ምን ያደርጋል? ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጽፎ ፎቶ ያነሳና ይለጥፋል። ልጁ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ኤክሱ ላይ ያለችው ቁጥር 2 ትሁን 3 ይፈልጋል። እንግሊዝኛ መምህራን ደግሞ አንብበህ ተረዳ ሲሰጡ ምንባቡ ከላይ፣ ጥያቄው ከታች ነው። አውራ ጣት ነው የሚፈተነው።

በዚህ ላይ ሒሳብ የሚሠራው ወረቀት ላይ ነው። ልጁ በግራ እጁ ስልክ፣ በቀኙ እስክሪብቶ ይዞ፣ ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር እየነካካ ይሠራል። እኔ ለልምምድ እጠቀምበታለሁ፤ ለማርክ አላደርገውም።

ቾክ አልጥልም (መምህር፣ 30 ዓመት በሥራ ላይ) | እሑድ፣ ማታ 3:20

እኔ የሚገርመኝ ክርክሩ መኖሩ ነው። ስልክ ይዞ የተገኘን ተማሪ ቀምተን «ወላጅ አምጣ» ስንል ኖረን፣ ዛሬ «ስልክ አምጣ» ልንል ነው?

በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በፌስቡክ ተበትኖ እንደገና መዘጋጀቱን ረሳችሁት? የ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተጭነው ሄደው የተፈተኑት ለምን ሆነና! በር ላይ ስልክ እየተፈተሸ፣ እናንተ ክፍል ውስጥ ልታስገቡት። ልጆቹ «እምቢ» ካሉ እሰየው፣ ከእኛ ይበልጣሉ።

ማትሪክ ጠባቂ | እሑድ፣ ማታ 3:26

መምህር፣ በአክብሮት፣ አጤሬራ ከስልክ በፊትም ነበረ 😅 የእርስዎ ዘመን ተማሪዎች መዳፋቸው ላይ ይጽፉ እንደነበር አባቴ ነግሮኛል።

የምራችንን ግን የስልክ ፈተናን ጎበዞቹ የሚጠሉበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። እኔ ሌሊት ሳጠና ያደርኩትን አጠገቤ ያለው ልጅ ሌላ ገጽ ከፍቶ ሲያገኘው ሳይ፣ ፈተናውን የምቀበለው እንዴት ብዬ ነው?

ቾክ አልጥልም | እሑድ፣ ማታ 3:31

አባትህን ሰላም በልልኝ 😄 መልስህ ግን ከእኔ ጋር ነው ያለው።

የላብ ሰው (አይሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ) | ሰኞ፣ ጠዋት 3:15

ረዘም ልበልበት፤ እንጀራዬ ስለሆነ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። አገራችን ውስጥ «ኦንላይን ፈተና» ሲባል የምንሰማው በስልክ የሚሰጥ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በ2015 ሲጀመር ተማሪው የተቀመጠው ተቋሙ ያዘጋጀው ኮምፒውተር ፊት ነው። የ12ኛ ክፍሉም ከ2016 ጀምሮ ከፊሉ ኦንላይን ሲሆን እንዲሁ በኮምፒውተር ነው። መብራት ሲሄድ ጀነሬተር ለማስነሳት የሚሮጠው እኔና ባልደረቦቼ ነን። ማውዙ እምቢ ካለ ተማሪው እጁን ያወጣል፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እናዛውረዋለን። ልጁ ይፈራል እንጂ ተጠያቂ አይደለም።

ስልክ ላይ ስንመጣ ዕቃው የልጁ ነው። ቻርጁ የልጁ፣ ዳታው የልጁ፣ የጠፋው መልስም የልጁ። የመምህሩ ተማሪዎች እምቢ ያሉት ይሄንን ይመስለኛል።

ፍሬድ ዴቪስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ሞዴል አለ። ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው «ይጠቅመኛል» እና «አይከብደኝም» ብሎ ሲያምን ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ አሰፉት፤ ዙሪያዬ ያሉ ሰዎች ምን ይሉኛል የሚለውንና የሚያግዘኝ ሁኔታ ተሟልቷል ወይ የሚለውን ጨመሩበት። የተማሪን የስልክ ፈተና አቀባበል የሚያጠኑ ሰዎች መጠይቃቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት ከእነዚህ ነው። መምህሩ ጋ ያሉት ልጆች ጥቅሙን ያውቁታል። አጠቃቀሙንማ እነሱ ናቸው እኛን የሚያሳዩን። የጎደለው የመጨረሻው ነው፣ የሚያግዝ ሁኔታ።

ዕቃውን መንግሥት ቢሰጥስ ትሉ ይሆናል። ግብፅ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018/19 የትምህርት ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ጀማሪዎች ታብሌት ታደላቸው። ማርች 2019 የመጀመሪያው ፈተና ሲከፈት ግን ሲስተሙ ተዝረከረከ፤ ብዙ ልጅ ጥያቄውን መክፈት እንኳን አቃተው። ሜይ ላይ ተደገመና ተማሪዎቹ ለተቃውሞ ወጡ። ታብሌት የያዘ፣ ከስልክ ጋር ያደገ ትውልድ ነው። የተቆጣው በታብሌቱ አይመስለኝም፤ «ሲስተም የለም» ተብሎ የእሱ ዓመት ሲበላ ነው። እኛም በእኛ አቆጣጠር የ2012 ተፈታኞችን በታብሌት ልንፈትን አስበን፣ ታብሌቱ በጊዜው ሳይደርስ ቀርቶ በ2013 በወረቀት ነው የተፈተኑት።

ፊንላንዶች በተቃራኒው ቀስ ብለው ነው የሄዱት። የማጠናቀቂያ ፈተናቸውን እ.ኤ.አ. ከ2016 መኸር እስከ 2019 ፀደይ ድረስ አንድ በአንድ ነው ወደ ኮምፒውተር ያዛወሩት፤ ሒሳብን መጨረሻ ላይ። ያን ጊዜ ተማሪው የራሱን ላፕቶፕ ያመጣ ነበር፣ ግን ኮምፒውተሩ የሚነሳው ከፈተናው ፍላሽ ነበር፣ የሚገናኘውም አዳራሹ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ብቻ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ፈተናው አይቋረጥም ነበር።

ቀመር አይጨርሰው | ሰኞ፣ ጠዋት 4:02

ሒሳብን መጨረሻ ላይ ማድረጋቸው ደስ አለኝ። የትም አገር ያለ የሒሳብ መምህር ያው ነው ማለት ነው።

የሦስት ልጆች እናት (አዲስ አበባ) | ሰኞ፣ ቀትር 6:30

እስቲ እኔም እንደ ወላጅ። ቤታችን ውስጥ ደህና ስልክ ያለው አባታቸው ነው፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ይዞት ወደ ሥራ ይወጣል። የእኔ ስልክ ሜሞሪው ሞልቶ ፎቶ ካላጠፋሁ አንድ መተግበሪያ አይጭንም። ትልቋ ልጄ «ማሚ፣ ነገ በስልክ ነው የምንፈተነው» ያለችኝ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ከጎረቤት ለመንኩላት። የሰው ስልክ ስለሆነ እንዳይወድቅባት ስትሳቀቅ ነው ፈተናውን የሠራችው። ለዳታውም ፓኬጅ ገዝቻለሁ። ትምህርት ቤቱ የወረቀት ወጪውን አዳነ፤ ወደ እኔ ኪስ አዛወረው።

ልጄን «ፈተናው እንዴት ነበር?» ብላት ስለ ጥያቄው አንድም ነገር አልነገረችኝም። «ሁሉም አይፎንና ሳምሰንግ ይዘው እኔ የእትዬን ስልክ ይዤ...» ነው ያለችኝ። የላብ ሰው «ዙሪያዬ ያሉ ሰዎች ምን ይሉኛል» ያሉት ይሄ ከሆነ፣ ልክ ናቸው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዴስክ ላይ የሚያወጣው ስልክ የቤቱን ኑሮ ነው የሚያሳየው።

የባዮሎጂው መምህር (ደሴ) | ሰኞ፣ ማታ 1:20

እህቴ፣ ይሄኛውን አላሰብኩትም ነበር። «ስልክ የሌላችሁ ከጓደኛችሁ ተጋሩ» የሚል መመሪያ ረቂቁ ላይ አለ። ያ ልጅ ጓደኛው እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው፤ ከዚያ ሁሉም ሲያየው ይፈተናል። ይህቺ መስመር መውጣት አለባት።

ማሜ ሜሪላንድ | ሰኞ፣ ማታ 2:00

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። የእኔ ልጅ እዚህ ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በዲጂታል ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ላለው ደግሞ ከ2023። ብሉቡክ በሚባል መተግበሪያ።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ በስልክ አይፈቅዱም። ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ነው። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲጀመርና መልሱ ሲላክ ነው። መሐል ላይ ቢጠፋ ልጁ መሥራቱን ይቀጥላል። ዕቃ የሌለው ተማሪ አስቀድሞ ካመለከተ በውሰት ይሰጠዋል።

ልጄ ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ሲቆጥር መደበቅ መቻሉን፣ ያልገባውን ጥያቄ ምልክት አድርጎ መመለስ መቻሉን፣ ካልኩሌተሩ እዚያው መኖሩን ወድዶታል። ማትሪክ ጠባቂ የጠየቀው ነገር ሁሉ ነው። ፈተናው ማጠሩም ረድቶታል፤ ሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው።

ማትሪክ ጠባቂ | ሰኞ፣ ማታ 2:07

ሰዓቱን መደበቅ ይቻላል?! እኛ ጋ ሰዓቱ በቀይ ነበር የሚያንጸባርቀው 😭

የልዩ ፍላጎት መምህርት (ጎንደር) | ሰኞ፣ ማታ 3:45

ሁላችሁም ስልክ የሚፈራውን ተማሪ ነው የምታወሩት። እኔ ጋ ደግሞ «በስልክ ስጡኝ» ብሎ የሚለምን አለ።

ማየት የተሳናቸው ተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ሲፈተኑ አንባቢ ይመደብላቸዋል። አንባቢው ደህና ከሆነ እሰየው። አንዳንዱ ግን የፊዚክስ ቃል ሲደርስ ይንተባተባል፣ አንዳንዱ ይቸኩላል። ልጁ «እባክዎ ሦስተኛውን እንደገና» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ስልኩ ላይ ያለው ቶክባክ (ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው) ግን አይሰለችም፤ አሥር ጊዜ ቢያስደግመው አይቆጣም። በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት በጆሮ ማዳመጫ ራሱ ሰምቶ ራሱ ይመልሳል። አንዱ ተማሪዬ ሲጨርስ «ዛሬ ብቻዬን ተፈተንኩ» አለኝ፤ በኩራት ነው ያለው። በከፊል የሚያዩትም ፊደሉን አጉልተው ያነቡታል፤ ወረቀት ላይ አፍንጫቸው ነበር የሚነካው።

ግን የሒሳብ መምህሩ ያሉት የፎቶ ነገር እኔን ያቃጥለኛል። ጥያቄውን ፎቶ አንስታችሁ ስትለጥፉ ቶክባክ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ አያገኘውም። ለእኛ ልጆች ባዶ ገጽ ነው። እባካችሁ ተይቡት። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስድባችሁ።

ስለዚህ መምህር ደሴ፣ «ተማሪዎች አልተቀበሉትም» ብለው አይዝጉት። የትኞቹ ተማሪዎች፣ ለየትኛው ፈተና ብለው ይጠይቁ።

ቀመር አይጨርሰው | ሰኞ፣ ማታ 3:58

ተቀብያለሁ እህቴ። የሒሳብ ቀመር ሲሆን እንዴት እንደማደርግ ግን በውስጥ መስመር እጠይቅዎታለሁ።

የባዮሎጂው መምህር (ደሴ) | ማክሰኞ፣ ማታ 1:35

ያላችሁትን ሁሉ ይዤ ዛሬ ከዲፓርትመንቱ ጋር ተነጋገርን። ለአስተዳደሩ እንዲህ ብለን ልናቀርብ ነው፤ ተቹት።

ልምምዱ ሁሉ በስልክ ይቀጥላል፣ ማርክ የለውም። ማርክ ባለው ላይ ምርጫው የተማሪው ነው፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስልክ የፈለገ በስልክ። ጥያቄው አንድ ነው። በስልክ ጀምሮ ችግር የገጠመው ሳይጠየቅ ሳይመረመር ወረቀት ይወስዳል፣ የጠፋበት ጊዜ ይጨመርለታል። ዋይፋዩን ትምህርት ቤቱ ይከፍታል እንጂ የተማሪ ዳታ አንነካም። ከቤተ መጻሕፍት ያሉንን ጥቂት ታብሌቶች ደግሞ ለፈለገ ሁሉ እናወጣለን፤ ስልክ ላለውም ለሌለውም፣ የደሃ ዕቃ እንዳይመስል።

ቾክ አልጥልም | ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

ይሄ ከመጀመሪያው ይሻላል። ግን ወረቀትና ስልክ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ፈታኙ አንድ ሰው ሆኖ ማንን ይጠብቃል? ስልክ የያዙትን በአንድ ወገን አስቀምጡ፣ ከጀርባቸው ሁኑ። ስክሪን የሚታየው ከኋላ ነው። ሸምድዶ የማይመለስ ጥያቄም አውጡ፤ ያኔ ቢፈልግም የሚያገኘው ነገር የለም።

ቀመር አይጨርሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 2:04

እኔ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በስልክ የሠራና በወረቀት የሠራ ልጅ ውጤታቸው እኩል ሚዛን ላይ ነው ወይ? ረጅም ምንባብ ወይም ሥዕል ያለበት ጥያቄ ከሆነ አይደለም ባይ ነኝ። የልብ ሥዕል አስቀምጠህ ክፍሎቹን ሰይም ካልክ ስልኩ ላይ ያለው ልጅ ተጎዳ። አጫጭር ጥያቄ ካልሆነ ለሁሉም ወረቀት አድርገው።

የባዮሎጂው መምህር (ደሴ) | ማክሰኞ፣ ማታ 2:11

ሥዕል ያለው ሁሉ በወረቀት። ገባኝ።

ማትሪክ ጠባቂ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:30

ቲቸር፣ እንደዚህ ከሆነ እኔ ብሆን በስልክ እሞክር ነበር። የምለምነው ግን «ችግር ቢመጣ ወረቀት እንሰጣለን» የሚለውን በቃል አይንገሩን፤ ጽፋችሁ ቦርድ ላይ ለጥፉልን። በቃል የተባለ ነገር ፈታኙ ሲቀየር ይቀየራል። እኛ ጋ አንዱ ፈታኝ አምስት ደቂቃ ጨመረ፣ ሌላው «ስልክህን ቻርጅ አድርገህ አትመጣም?» አለ።

ሌላ ጥያቄ፦ ጉግል ፎርም (ኦንላይን የሚሞላው ቅጽ) ላይ እየሠራን ኔትወርክ ቢጠፋ የሞላነው ይጠፋል?

የላብ ሰው (አይሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ) | ማክሰኞ፣ ማታ 2:52

በጉግል አካውንትህ ገብተህ ከሆነ ፎርሙ የሞላኸውን ራሱ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ገጹ ቢዘጋ ተመልሰህ ታገኘዋለህ። ግን የሚያስቀምጠው ኔትወርክ ሲኖር ነው። ከጠፋ በኋላ የነካኸውን ላያስቀምጥልህ ይችላል፣ መላክም አትችልም። ስለዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ገጹን አትዝጋው፣ እንደገናም አትጫነው፤ እንደተከፈተ ተወውና እጅህን አውጣ።

መምህር፣ ለእርስዎ ደግሞ፦ ፎርሙ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ የለውም፣ ሰዓቱን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ውጤቱ ወዲያው እንዳይታይም ያስተካክሉ፤ አለበለዚያ ጠዋት የተፈተነው ሴክሽን ውጤቱን አይቶ ለከሰዓቱ ያወርሰዋል። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን እነዚያኑ ልጆች፣ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ዋይፋይ ላይ ማርክ የሌለው ፎርም ያስከፍቷቸው። ሁሉም ባንድ ላይ። ዋይፋዩ የሚወድቅ ከሆነ ያን ቀን ይውደቅ።

የባዮሎጂው መምህር (ደሴ) | ማክሰኞ፣ ማታ 3:00

ሐሙስ አራተኛ ፔሬድ ላይ አስከፍታቸዋለሁ። የሆነውን እዚሁ እጽፋለሁ።